ከአሮጌ ዕቃ ቤልት ግራይንደር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የማይገኝ ብረት የለም ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። ያረጀ የውኃ ፓምፕ፣ ተቆርጦ የተረፈ ቱቦላሬ፣ ከወላለቀ ማሽን የወጣ ሞተር፤ ቁራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ የሚያመጣው ሁሉ እዚያ ይደርሳል። ከዚህ መካከል ቢላዋና ገጀራ የሚስል፣ የብየዳ ጉብታ የሚያለሰልስ ቤልት ግራይንደር ማውጣት ይቻላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሞተር አንድ ሮለር ያዞራል፣ በዚያና በሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ሮለሮች ላይ ቀለበት ሆኖ የተጋጠመ የብርጭቆ ወረቀት፣ ማለትም ቀበቶው፣ ይሮጣል።

የሚያበላሸው ቁጠባው ቦታውን ሲስት ነው። የማሽኑ የቆመ ክፍል በሙሉ ከቁርጥራጭ ብረት ቢሠራ ምንም አይደል። የሚዞረው ክፍል ግን ርካሽነትን አይታገሥም። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ልዩነት ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ቀበቶውን ሳይዙ ቴላዮውን መበየድ

ሰዉ ሞተር ያገኛል፣ ቴላዮውን (ሁሉን የሚሸከመውን የብረት አካል) ይበይዳል፣ ከዚያ ለቴላዮው የሚሆን ቀበቶ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ነገሩ የተገለበጠ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚታዩት ንድፎች አብዛኞቹ 50 በ1830 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሆነ ቀበቶ የታሰቡ ናቸው፤ በብዙ አገር ቢላዋ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ልክ ይህ ነው። አናጺዎች በእጅ በሚይዙት ማለስለሻ ላይ የሚገባው ግን 75 በ533 ወይም 100 በ610 ነው። መጀመሪያ ሱቅ ገብተው የትኛው በቋሚነት እንደሚገኝ ይጠይቁ፣ ቀበቶዎቹን ይግዙ፣ ማሽኑን በእነሱ ልክ ይሥሩ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ረጅሙን ማስመጣት ይቻላል። ቀበቶ ቀላል ነው፣ ሻንጣም አይሞላም። ብቻ ተጨፍልቆ እንዳይታጠፍ አደራ ይበሉ፤ የታጠፈበት መስመር ሥራ ላይ ሲውል መበጠሻው ይሆናል።

ከጥቅል ቆርጦ በሙጫ መግጠም የሚፈትን ሐሳብ ነው። አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ ደርቦ ማጣበቅ ግን አይሆንም። ያ ጉብታ በዞረ ቁጥር ሥራውን ይመታል፣ በመጨረሻም ተገንጥሎ ፊት ላይ ይመጣል። ግድ ከሆነ ጀርባው ጨርቅ የሆነውን መርጦ ጫፎቹን በሰያፍ መቁረጥ፣ ሳይደርቡ ማገናኘትና ከጀርባ በቀጭን ጠንካራ ጨርቅ መያዝ፣ ማሽኑንም በዝግታ ማስኬድ ይገባል። ጀርባው ወረቀት የሆነው ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይታሰብ።

የሚዞር ሞተር ሁሉ ይሆናል ብሎ ማሰብ

በብዛት የሚታለፈው ወጥመድ የአውቶማቲክ ልብስ ማጠቢያ ሞተር ነው። ካርቦን ያለው ዓይነት በማሽኑ ውስጥ ሳለ ፍጥነቱን የሚገዛለት የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ነበረው። ሰሌዳውን ጥሎ ሞተሩን በቀጥታ 220 ቮልት ላይ መሰካት ልጓሙን ማውለቅ ነው። ጭነት ሳይኖረው በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ብረት ሲያስነኩት ደግሞ ፍጥነቱ ይወድቃል። ሁለት ገንዳ ካለው ከአሮጌው ማጠቢያ የሚወጣው ሞተር ጸባዩ መልካም ነው፣ ጉልበት ግን የለውም። የማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር ይዘው የሚመጡም አሉ። ሞተሩ ከነዘይቱ በታሸገ ጣሳ ውስጥ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የሚሆን ዘንግ አይወጣውም፤ እዚያው ይተዉት።

ለ50 ሚሊ ሜትር ቀበቶ ቢያንስ 750 ዋት፣ ማለትም አንድ የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። 1,500 ዋት ከተገኘ ጫን ብሎ መሥራት ይቻላል። በጎኑ የተለጠፈችውን ሰሌዳ ሳያነቡ አይግዙ። ሞተሩ እንደገና የተጠመጠመ ከሆነ ግን ሰሌዳዋን ብዙም አይመኗት። ዘንጉን በእጅ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት፣ ውስጡን ያሽትቱት (የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታው አይደበቅም)፣ ከዚያም ሻጩ ፊት ያስነሡት። ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ጥቅልሉ ከውጭ የሚታይ ሞተርም ለዚህ ሥራ አይመከርም። የብረት ብናኝ በክፍተቱ ገብቶ ጥቅልሉ ላይ ያርፋል፤ አንድ ቀን ያቃጥለዋል።

ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ቤት ውስጥ የሚሰካበት ስለሌለ ብዙ ሰው ያልፈዋል። የቤቱን አንድ ፌዝ ወደ ሦስት የሚለውጥ የፍሪኩዌንሲ መቀየሪያ መግዛት ለሚችል ግን ትልቅ ዕድል ነው፤ ፍጥነትን እንደልብ መቀነስ ያስችላል። በ220 ቮልት አንድ ፌዝ የሚሠራ መቀየሪያ የሚያወጣው 220 ቮልት ስለሆነ፣ ሰሌዳው 220/380 የሚል ሞተር መርጦ በዴልታ (በሦስት ማዕዘን አገናኝ) ማገናኘት ያስፈልጋል። 380/660 የሚለው ጉልበት ያንሰዋል። ለረጅም ጊዜ በዝግታ የሚሠራ ሞተር እንደሚግልም አይርሱ፤ ማቀዝቀዣው በራሱ ዘንግ ላይ ስላለ እሱም አብሮ ይዘገያል።

ፍጥነቱን አለማስላት

ሞተሩ የሚያዞረውን ሮለር ዲያሜትር በሜትር ይውሰዱ፣ በ3.14 ያባዙ፣ ከዚያም በሞተሩ የደቂቃ ዙር ያባዙ፤ ቀበቶው በደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚሮጥ ይነግርዎታል፤ በ60 ሲያካፍሉት የሴኮንዱ ይወጣል። በእኛ 50 ኸርትዝ መብራት የተለመዱት ሞተሮች ወደ 1,400 ወይም ወደ 2,800 ዙር ይሄዳሉ። 100 ሚሊ ሜትር ሮለር በ1,400 ዙር በሴኮንድ ወደ 7 ሜትር ይሰጣል፤ ለቢላዋ አፍ ደኅና ነው፣ ብረት ለመግፈፍ ግን ያሰለቻል። ያው ሮለር በ2,800 ዙር ወደ 15 ሜትር ይደርሳል፤ ለብረት ጥሩ ነው። 150 ሚሊ ሜትሩን በ2,800 ላይ ከገጠሙት ወደ 22 ሜትር ይደርሳል፤ ያን ፍጥነት የሚያምኑት ሮለርና ቀበቶ ከሌለዎት አይሞክሩት። በዚህ ፍጥነት ላይ ቀጭን ቢላዋ ገና ሳያስቡት ሰማያዊ ይሆንና ጥንካሬውን ያጣል። ከመኪና ባሌስትራ ሠርተው፣ አግለው አጠንክረው ያመጡት ድካም በአንድ ግፊት ይበላሻል። የውኃ ባልዲ አጠገብ ይኑር።

ሰው ያላሰበው ሒሳብ ቀጥሎ ይመጣል። ቀበቶው በሴኮንድ 15 ሜትር ሲሮጥ 50 ሚሊ ሜትር የሆነችው ትንሿ ሮለር በደቂቃ 5,700 ዙር ያህል ትዞራለች፤ ከሞተሩ እጥፍ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይያዙና ወደሚቀጥለው ስህተት እንሂድ።

በሮለሩ ላይ መቆጠብ

የገበያ ጋሪ ጎማ፣ የወንበር እግር ጎማ፣ የልጆች ስኬት ጎማ ሁሉ ለሮለርነት ሲታጩ ይታያሉ። የጋሪው ጎማ የተሠራው በሰው እርምጃ ልክ ነው፤ በ5,700 ዙር ፕላስቲኩ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ይበተናል። የእንጨት ሮለር ለዝግተኛ ማሽን ያስኬዳል። የተሻለው ግን በሙጫ የተደራረበ ኮምፔንሳቶ ነው፤ አንድ ወጥ ሳንቃ በጭረቱ በኩል ይሰነጠቃል። እኔ የምመክረው ከአልሙኒየም ማውጣት ነው። ብረቱን ከአሮጌ ዕቃ ያግኙና ቶርኖ ቤት (ብረት እያዞሩ የሚቀርጹበት) ይውሰዱት። ለዚህ ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ በሌላው ሁሉ ከቆጠቡት ላይ የሚወጣ ነው፤ አይሰስቱ። ሞተሩ ላይ የሚገባውን ሮለር ሲያሠሩ ሞተሩን ራሱን ይዘው ቢሄዱ ደግሞ ቀዳዳው በዘንጉ ልክ ይወጣል። ልኩን በቃል ማስተላለፍ ከንቱ ድካም ነው፤ አንዱ ሞተር 19፣ ሌላው 24 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይኖረዋል። ዘንጉ ላይ ትንሿ የብረት ቁልፍ የምትገባበት ቦይ ካለች በሮለሩ ላይም ትውጣ፤ በአንዲት ብሎን ብቻ የተያዘ ሮለር ይላላል።

ከሮለሮቹ አንዱ፣ ቀበቶውን የሚመራው፣ መሐሉ ከጫፎቹ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ጠፍጣፋ ቀበቶ ወደ ከፍታው የመውጣት ጸባይ ስላለው መሐል ላይ ይቆያል። ሁሉንም ጠፍጣፋ ያደረገ ሰው ቀበቶውን ከወለል ሲያነሣ ይውላል። ሁሉንም ጉብ ያደረገም አልተሻለም፤ ቀበቶው መሐሉ ብቻ ይሠራል። መሪውን ሮለር በአሮጌ የበር ማጠፊያ ላይ ገጥሞ በአንድ ረጅም ብሎን ማዘንበል የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ማጠፊያው ግን የማይወላውል ይሁን።

ኩሽኔታውን (ሮለሩ በዘንጉ ላይ ያለ ፍትጊያ እንዲዞር የሚያደርገውን) አዲስ ይግዙ። በሁለቱም ጎን ላስቲክ ያለው 6202 ወይም 6203 በቂ ነው። ያገለገለ ኩሽኔታ በእጅ ሲያዞሩት ደኅና ይመስላል፤ በ5,000 ዙር ግን ጩኸቱ ጎረቤት ይጠራል። ክፍት የሆነው ደግሞ ብናኙን ጠጥቶ ቶሎ ያልቃል።

ቀበቶውን መወጠሪያና መደገፊያ

ለውጥረት ሞላም ይሠራል፣ የመኪና የኋላ በር ሲከፈት ደግፎ የሚይዘው የጋዝ ዘንግም ይሠራል። የጋዙን ዘንግ ግን አይበይዱት፣ አይቁረጡት፣ አያግሉት፤ ውስጡ ከፍተኛ ግፊት አለ። ከቀበቶው ጀርባ የሚቆመው ጠፍጣፋ ብረት ከላሜራ አይሠራ፤ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሥራውን የሚያስደግፉበት ጠረጴዛ ከቀበቶው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይራቅ፤ ከዚያ የሰፋ ክፍተት ጣትን ይጎትታል። ቀበቶው ፊት ለፊት ወደ ታች መሮጡንም ያረጋግጡ። ወደ ላይ የሚሮጥ ከሆነ ሥራውን ወደ ፊትዎ ይወረውረዋል። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሁለት ሽቦ ሲቀያየሩ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ባለ አንድ ፌዙን ለሞተር ጠምጣሚ ያሳዩት።

መብራት ሄዶ ሲመለስ

ከውጭ የሚመጡ ንድፎች ይህን ብዙም አያነሡትም፣ እኛ ግን ልንዘለው አንችልም። ማሽኑ ሲሠራ መብራት ይጠፋል። ሠራተኛው ሻይ ሊጠጣ ይወጣል ወይም ቀበቶ ሊቀይር እጁን ያስገባል፣ ማብሪያውን ማጥፋት ግን ይረሳል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ይነሣል። ተራ የቤት ማብሪያ ማጥፊያ ይህን አይከለክልም። የሚያስፈልገው መብራት ሲጠፋ ራሱን የሚያላቅቅ፣ እንደገና ካልተጫነ የማይነሣ ማግኔታዊ ማብሪያ ነው፤ በኮንታክተርና በሁለት ቁልፎች ማንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሠራዋል። የሞተሩ አካልና ቴላዮው በመሬት ሽቦ መያዛቸውን አይዝለሉት። የብረት ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ማሽኑም ሁሉ ነገሩ ብረት ነው።

ብናኙን መናቅ

በአንድ ማሽን ጠዋት እንጨት ከሰዓት ብረት ማለስለስ እሳት መጥራት ነው፤ ፍንጣሪው የተጠራቀመው ሰጋቱራ ውስጥ ገብቶ ቆይቶ ይያያዛል። የአልሙኒየምና የብረት ብናኝም አንድ ላይ አይከማች፤ ሲነድ በውኃ የማይጠፋ እሳት ነው። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ለቴላዮ ከተጠቀሙ ከመበየድዎ በፊት ቅቡን ይሞርዱት፣ ጭሱ ያሳምማል። መነጽርና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ። የጨርቅ ጓንት ግን አይሆንም፤ ቀበቶው ጨርቁን ከያዘ እጁን ይዞ ነው የሚሄደው። ነጠላና የተንጠለጠለ እጅጌም እንደዚያው።

መጀመሪያ ሲያስነሡት ቀበቶ ሳያስገቡ ሞተሩን ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ያስኪዱና ንዝረቱን ይስሙ። ከዚያ ቀበቶውን ያስገቡ፣ በጀርባው ያለው ቀስት ወደሚሮጥበት አቅጣጫ ማመልከቱን ይዩ፣ በእጅዎ ጥቂት ዙር ያዙሩትና መሐል ላይ መቆየቱን ይመልከቱ። ሲያበሩት በቀበቶው መስመር ላይ ሳይሆን በጎን ይቁሙ፤ የሚበጠስ ቀበቶ የሚሄደው በመስመሩ ነውና።