ሪሲቨር ላይ ሶፍትዌር ከመጫናችሁ በፊት

ደሴም ሆነ ወልዲያ ሪሲቨር ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የቻናል ብዛት ተዉት። ሻጩ ቲቪ ላይ ሰክቶ ያሳያችሁ፤ ሜኑ ውስጥ «ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ክፈቱና የሃርድዌርና የሶፍትዌር ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ይህቺ ፎቶ በኋላ ብዙ ጣጣ ታድናለች።

ብዙ ሪሲቨር የሚበላሸው ሞዴሉን ብቻ አይቶ ሶፍትዌር በመጫን ነው። በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት ሪሲቨሮች ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል፤ የአንዱ ቺፕ (ሥራውን የሚመራው ዋናው ክፍል) ጂኤክስ 6605፣ የሌላው 1506 ይሆናል። ከተሳሳታችሁ ቀይ መብራት ወይም «ቡት» የሚል ጽሑፍ ላይ ተገትሮ ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ በ«ፋት 32» ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ሰክታችሁ «ዳምፕ» ወይም «ባክአፕ» በሚለው የነበረውን ሶፍትዌር ፍላሹ ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። የሚወጣው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 8 ሜጋባይት ነው፤ አዲሱ ከዚያ ከበለጠ አትንኩት። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ ጭራሽ አትጀምሩ፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ሪሲቨሩ በሪሞት አይነሳም፣ ከኮምፒውተር በአርኤስ 232 ገመድ እንጂ።

57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ካለው ሳተላይት የሚመጡት የኢትዮሳት ቻናሎች ከጠፉና «ኳሊቲ» (የሲግናሉ ጥራት) ዜሮ ከሆነ ግን ሶፍትዌሩን ተዉት፤ ዲሹን፣ ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ለፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ) እና የገመዱን ጫፍ እዩ።