ማርሚታ ለምን ይበሰብሳል? መቼስ ይበየዳል?

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በግቢያችን መኪኖች አንድ በአንድ ይነሳሉ። መስኮት ሳልከፍት የማንኛው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) እንደተበሳ በድምፁ አውቃለሁ። አንዱ ያጓራል፣ አንዱ ይተፋል፣ አንዱ ከሥሩ ቆርቆሮ ይንሿሿበታል። ባለቤቶቹን ሳናግራቸው ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «ጭቃው ነው የበላው።»

ጭቃውም ድርሻ አለው። የከተማው ዳርቻ መንገድ ክረምት ላይ ምን እንደሚመስል የምናውቅ እናውቀዋለን። ዋናው በሽታ ግን የሚነሳው ከውስጥ ነው። ይሄን ሳናውቅ የምናሠራው ብየዳ ደግሞ አንድ ክረምት አይዘልቅም።

ጠዋት ከጭስ ማውጫው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል

ይሄ ራሱ ብልሽት አይደለም። የብልሽቱ መነሻ ግን እዚህ ጋ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው።

ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል። አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ ሲያልቅ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። ቱቦው ከሞቀ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል፤ አናየውም። ቱቦው ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ወጥ ሲሠራ የድስቱ ክዳን ሥር እንደሚያልበው፣ ብረቱ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ይቀራል። ነዳጅ ውስጥ ደግሞ ድኝ አለ። የተቃጠለው ድኝ ከዚያ ውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። አሲዱ የኋለኛው ማርሚታ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ብረቱን ቀን ከሌሊት ይበላል።

የኋለኛው ማርሚታ ከሞተሩ ሩቅ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ነው የሚሞቀው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ መሃል ደርሷል ማለት ማርሚታው ሞቋል ማለት አይደለም። አሁን የኛን ሠፈር ኑሮ አስቡት። ልጆችን 2 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ዳቦ ገዝቶ መመለስ፣ መኪናውን ማቆም። ከሰዓት እንደገና ያው ነው። ውሃው በየቀኑ ይገባል፣ አንድም ቀን አይደርቅም። መርካቶና ለገጣፎ ሲመላለስ የሚውል አሮጌ ታክሲ ማርሚታው ደህና ሆኖ፣ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ ንጹህ የቤት መኪና ከሥር የምትበሰብሰው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሳታቆሙ ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱ። እኔ እሁድ ጠዋት ዱከም ደርሼ እመለሳለሁ። ቆሞ ሞተር ማስነሳት ግን አይረዳም። እንዲያውም ይብሳል፤ ኋላውን ሳያሞቅ ውሃ ብቻ ይጨምራል።

ሌላም አለ። ብዙ ማርሚታዎች ከሥራቸው የእርሳስ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አላቸው። ፋብሪካው ሆን ብሎ የበሳት ናት፤ ውሃው በእሷ ይወርዳል። የጎረቤቴን ኮሮላ ማርሚታ የበየደ ልጅ እሷንም «ተበስቷል» ብሎ ደፈናት። በዓመቱ የሆዱ ስፌት ተከፈተ። ስናወርደው አዘነበልነው፤ ከግማሽ ጆግ የማያንስ ጥቁር ውሃ ከነዝገቱ ፈሰሰ። ያቺ ቀዳዳ ጭቃ ከደፈናት በቀጭን ሽቦ ጥረጓት። ብየዳ ግን አታስነኳት።

ጠዋት ከውሃው ጋር የሚወጣው ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋና የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት መበላሸት ምልክት ስለሆነ ወደ መካኒክ ነው።

መኪናው እንደ ትራክተር ይጮኻል

ተበስቷል። የት እንደተበሳ ማወቅ ነው ሥራው። ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ሜዳ ላይ አስነሱት። አንድ ሰው በወፍራም እርጥብ ጨርቅ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለሁለት ሦስት ሴኮንድ ይያዘው። ያን ጊዜ ጭሱ በቀዳዳው «እስስስ» እያለ ይወጣል። በደንብ ካልሰማችሁ የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ የተበሳው ቦታ አረፋ ይሠራል። በተበሳው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸትም ይታያል። ክሪክ ላይ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ግን አትግቡ። የሚገባው ጋራዥ ጉድጓድ ወይም ጠንካራ ድጋፍ ሲኖር ነው።

የሚበሳባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛ፣ የኋለኛው ማርሚታ ስፌት። ሁለተኛ፣ ቱቦ ከቱቦ የተበየደበት። ብዙ መኪኖች ቱቧቸው አልሙኒየም የተቀባ ብረት ነው፤ ብየዳው ቅቡን ስለሚያቃጥለው ዝገቱ እዚያ ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ከሞተሩ ቀጥሎ ያለው የተጠለፈ ተጣጣፊ ቱቦ። እሱ ከዝገቱ በላይ የሚጎዳው በንቅናቄ ነው፤ የሞተር መያዣ ጎማ ካለቀ ቶሎ ይቀደዳል። በኛ በኩል ደግሞ ያልተመጣጠነ ኮብልስቶንና ከፍ ያለ የፍጥነት መቀነሻ አለ። ቱቦው ከነካ ይጠረመሳል፤ የተላጠው ቦታ ይዝጋል።

ከውጭ የሚመጣውን ዝገት ካነሳን አይቀር መኪናችሁ ከየት እንደመጣች ጠይቁ። በበረዶ አገር መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ከአውሮፓ ያገለገለ መኪና ብዙ ጊዜ ዝገቱን ይዞ ነው የመጣው። እዚህ ጨው የለም። ዋልካ አፈር ግን አለ። ማርሚታው ጀርባ ላይ ተለጥፎ እርጥበት ይዞ ይከርማል። ስታሳጥቡ ቦዲውን ብቻ አታሳምሩ፣ ከሥርም በውሃ አስመቷት።

ኋላ የተቀመጠ ሰው ራሱን አዞረው

ይሄን ክፍል ሌላውን ባታነቡ እንኳ አንብቡት።

አንድ ቀን እናቴን ይዤ ለለቅሶ ወደ ሰንዳፋ እየሄድኩ ነበር። ሰዓቱ ብርድ ስለነበር መስኮቱን ዘግተናል። ለገጣፎን እንዳለፍን እናቴ «ልጄ፣ ራሴን አዞረኝ፣ ክፈተው እስቲ» አለችኝ። መንገዱ ነው ብዬ ትንሽ ከፈትኩላት። ለቅሶ ቤት ስንደርስ ፊቷ ነጥቶ፣ ወርዳ መቆም አቃታት። ነፋስ ላይ ተቀምጣ ቆይታ ነው የተመለሰችልኝ። በማግስቱ መኪናዋን አስነሳናት። ቱቦው የተበሳው ከላይ፣ ወደ ወለሉ በዞረው ጎኑ ነው፤ ከሥር ሆኖ ለሚያይ አይታይም። በላዩ ያለው የወለል ቀዳዳ የጎማ ክዳኑ ወልቋል። እናቴ የተቀመጠችው ልክ ከሱ በላይ ነበር። ከዚያ በፊት ለሁለት ወር ያህል ድምፁን ሰምቼ «ክረምቱ ይውጣና አሠራዋለሁ» እያልኩ ነበር።

ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰል ቤት አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች የደረሰባቸውን ሁላችንም ሰምተናል። መርዙ ያው ነው። «አይሸትም፣ ደህና ነው» ማለት አይሠራም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የማያባራ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፤ በተለይ ከመኪና ሲወርዱ የሚተው ከሆነ ማርሚታውን ጠርጥሩ። ሕፃን፣ እርጉዝ፣ የልብ ሕመምተኛ ቀድመው ይጎዳሉ።

ማርሚታው ደህና ሆኖም ጭሱ የሚገባበት መንገድ አለ። ቪትዝ ውስጥ ሶፋ ወይም በር ጭነው የኋላ በሯን ከፍተው የሚሄዱ አይቼ አላውቅም የሚል ያለ አይመስለኝም። መኪና ሲሄድ ከኋላው አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ በዚያ በር ጭሱ አብሮ ይገባል። የግድ ከሆነ የፊት መስኮቶችን ክፈቱ፣ ሰው ኋላ አታስቀምጡ።

እዚህ ላይ ቀጠሮ የለም። የቀዳዳው ቦታ ከተሳፋሪው ሥር ወይም ከፊቱ ከሆነ ያን ቀን ይሠራ። እስከ ጋራዥ መንዳት ግድ ከሆነ መስኮቱ ሁሉ ይከፈት። የታመመ ሰው ካለ መጀመሪያ ከመኪናው ወደ ነፋስ፣ ቀጥሎ ወደ ሐኪም ቤት።

ሲነሳ «ትክ ትክ» ይላል፣ ሲሞቅ ይጠፋል

ሞተሩ ጋ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው ቱቦ) ወይም ጋስኬቱ ክፍተት አለው። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ድምፁም ይጠፋል። ብዙ ሰው «ተሻለው» ብሎ ይተወዋል። አልተሻለውም። በዚያ ክፍተት ንጹህ አየር እየገባ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ሴንሰር ያሳስተዋል። ኮምፒውተሩ ቤንዚን አነሰ ብሎ ይጨምራል። ቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፣ የነዳጅ ወጪያችሁ ይንራል። መፍትሄው አዲስ ጋስኬትና አዲስ ዳዶ ነው። የዛገው ቡሎን ሲፈታ እንዳይሰበር ማታውኑ ደብልዩ ዲ 40 የሚባለው የዝገት ማላቀቂያ ተነፍቶበት ይደር።

ከሥር ይንኳኳል

መጀመሪያ የማንጠልጠያ ጎማዎቹን እዩ። አንዱ ከተበጠሰ ክብደቱ ሁሉ ሌላው ቱቦ ላይ ያርፋል፤ ርካሽ ጎማ ሳይቀየር ቀርቶ ውድ ቱቦ ይሰበራል። በሽቦ ማሰር እስከ ጋራዥ ለመድረስ ካልሆነ አይበጅም። ሽቦ አይለጠጥም፣ ንዝረቱን በሙሉ ለብረቱ ያቀብለዋል። ጎማዎቹ ደህና ከሆኑ የሙቀት መከላከያው ላሜራ ላልቶ ይሆናል፤ ማጥበቅ ነው። በእጅ መታ መታ ሲያደርጉት ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ግን የማርሚታው የውስጥ ክፍልፋይ በስብሶ ወድቋል። እሱ አይበየድም። አንዳንዴ የወደቀው ብረት መውጫውን ይዘጋና መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ቱቦው መስመር ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊስቱ፣ ሲዘጋም እንዲሁ ነው። «የካታሊስቱን ሆድቃ እናውጣለት» የሚል ጋራዥ ቢገጥማችሁ እሺ አትበሉ። ጭሱን የሚያጣራው እሱ ነው፤ የምንተነፍሰው ደግሞ እኛው ነን።

መበየድ ወይስ መቀየር?

ካቻቢቴ ውሰዱና ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ብረት ጫን ጫን አድርጉት፣ በእጀታውም አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ብረቱ በሕይወት አለ። እንደ እርጥብ ካርቶን «ጧ» ካለ፣ ካቻቢቴውም ከሰመጠ፣ ብየዳው የሚይዘው ነገር የለም። አንድ ክረምት ያንኑ ማርሚታ ሦስት ጊዜ አስበይጄዋለሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ ጥሩ ነበር፤ የተለቀቀው ሁልጊዜ ከቁራጩ ጎን ያለው አሮጌ ብረት ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ ጠቅልሎ በሽቦ ማሰርና በማስቲሽ መለጠፍም ለቀናት ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እወስናለሁ። ቀዳዳው ትንሽና አንድ ከሆነ፣ ዙሪያው ጠንካራ ከሆነ፣ ይበየድ። ቱቦው አንድ ቦታ ከበሰበሰ እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ተቆርጦ እኩል ውፍረት ያለው ቱቦ ይቀጠል። ጠባብ ቱቦ ሞተሩን ያፍነዋል። ጋልቫናይዝድ የውሃ ቱቦ የሚቀጥሉ አሉ፤ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ለበያጁ መርዝ ነው፣ ቅቡም በሙቀት ይሄዳል። የማርሚታው ሆድ ከተቀደደ ወይም ሁለት ሦስት ቦታ ከተበሳ ይቀየር። «ስቴንለስ ነው» ብለው ሲሸጡላችሁ ማግኔት ብቻ አትመኑ። ለማርሚታ የሚሆነው አንዳንዱ ስቴንለስ ማግኔት ይይዘዋል።

መኪናው ላይ እንዳለ የሚበየድ ከሆነ ሦስት ነገር ጠይቁ። የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። የነዳጅ ታንኩና የፍሬን ቱቦው በእርጥብ ነገር ይከለል። እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይኑር። በያጁ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። ቱቦው ወርዶ ቢበየድ ከሁሉም ይሻላል።

መንግሥት በ2016 የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉትን መኪኖች ለረጅም ጊዜ ነው የምንይዛቸው። እኔ ግንቦት ላይ፣ ጭቃው ሳይመጣ፣ አንድ ጊዜ በካቻቢቴ አንኳኳዋለሁ። መስከረም ላይ ደግሞ አሳጥቤ እደግመዋለሁ። ሥራው ካለቀ በኋላም ከጋራዡ አልወጣም። ሞተሩ እንደበረደ ጨርቁንና የሳሙና ውሃውን አስመጣለሁ። አረፋ ከሠራ፣ ሂሳቡ ሳይከፈል እዚያው ይታያል።