የወርድ ሰነድ በፎቶ ሲከብድ፦ መጠኑን መቀነሻ መንገዶች

የ20 ገጽ የመስክ ሪፖርት 40 ሜጋባይት ከደረሰ ያከበደው ጽሑፉ አይደለም፤ ፊደል ብቻ ያለበት ሰነድ ከጥቂት መቶ ኪሎባይት እምብዛም አያልፍም። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ አባሪ አያያይዝም። አባሪ በኢሜይል ሲጓዝ በሲሶ ያህል ስለሚጨምር፣ ተቀባዩ ዘንድ ያለው ገደብ ጠባብ ከሆነ 8 ሜጋባይት የሆነ ፋይል እንኳ ሊመለስ ይችላል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ፎቶውን ከጥጉ ይዞ ገጹ ላይ ማሳነስ ፋይሉን ላያሳንሰው ይችላል። በስልክ የተነሳ ፎቶ ብዙውን ጊዜ 4000 በ3000 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ገደማ ነው፤ ገጹ ላይ የክብሪት ሳጥን ቢያክልም ፒክስሎቹ ከነሙላታቸው ፋይሉ ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። ክሮፕ የተደረገውም፣ ማለትም ከምስሉ ጠርዝ የተቆረጠው ክፍል እንዲሁ ነው፤ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። መታወቂያ ወይም የሰው ፊት በክሮፕ ደብቀው ሰነዱን የሚልኩ ሰዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ተቀባዩ መልሶ ሊገልጠው ይችላል።

የትኛው ምስል እንዳከበደው ለማየት የሰነዱን ቅጂ ያዘጋጁ። የቅጂውን ኤክስቴንሽን (በፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ያለውን) ከዶክኤክስ ወደ ዚፕ ይቀይሩና ይክፈቱት። ውስጡ «ወርድ» የሚል ፎልደር፣ በእሱም ውስጥ «ሚዲያ» የሚል አለ፤ ምስሎቹ በሙሉ እዚያ ናቸው። በመጠን ቅደም ተከተል ሲያሰልፏቸው ከአምስት ፎቶ ሁለቱ ብቻ አብዛኛውን ክብደት ይዘው ሊገኙ ይችላሉ።

ከዚያ ወደ ወርድ ይመለሱ። ዋናውን ፋይል በሌላ ስም ያስቀምጡ፤ የታመቀ (ኮምፕረስ የተደረገ) ምስል ሰነዱ ከተዘጋ በኋላ ወደ ቀድሞ ጥራቱ አይመለስም። አንዱን ፎቶ ይጫኑ፣ «ፒክቸር ፎርማት» የሚለውን ታብ ይክፈቱና በአድጀስት ክፍል ያለውን «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» ይጫኑ። በሚመጣው ሳጥን ላይ «አፕላይ ኦንሊ ቱ ዚስ ፒክቸር» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት ያንሱ። «አመቅሁት፣ ግን አልቀነሰም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ምልክት ሳይነሳ አንድ ፎቶ ብቻ ታምቆ ነው። የተቆረጡትን ክፍሎች የሚሰርዘው ምርጫ ላይ ግን ምልክቱ ይኑር። በመጨረሻ የጥራት ደረጃውን ይምረጡና ሴቭ ያድርጉ፤ ሴቭ እስኪደረግ ድረስ የፋይሉ መጠን አይለወጥም።

የትኛውን ደረጃ? በጥሩ ማተሚያ ለሚወጣ ሰነድ 220 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች ርዝመት ያለ የፒክስል ብዛት)፣ ለቢሮ ሪፖርት 150፣ በስክሪን ብቻ ለሚነበብ 96። ከ220 ወደ 150 መውረድ የፒክስሉን ብዛት ከግማሽ በታች ያደርሰዋል፤ ለተራ ፎቶ 150 ይበቃል። ደብዝዞ የማይመረጥ ደረጃ ካለ ምስሉ ቀድሞውኑ ከዚያ በታች ነው ማለት ነው።

በስካን የገባ የአማርኛ ደብዳቤ፣ ማህተምና ፊርማ ግን ከ220 በታች ባይወርዱ ይመረጣል። ሱንና ሲን የሚለያቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ ጥራቱ ሲወርድ ቀድማ የምትጠፋው እሷ ናት። እንዲህ ዓይነት ምስሎች ካሉ ፎቶዎቹን ለየብቻ እየመረጡ፣ የ«አፕላይ ኦንሊ ቱ ዚስ ፒክቸር»ን ምልክት ሳያነሱ ማመቅ ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስሉን ከማስገባት በፊት ማሳነስ ነው። ኤ4 ወረቀት በየጎኑ 2.54 ሴንቲሜትር ኅዳግ ሲኖረው ለጽሑፍ የሚቀረው ስፋት 15.92 ሴንቲሜትር ነው። ይህን ስፋት በ220 ፒፒአይ ለመሙላት 1380 ፒክስል፣ በ150 ደግሞ 940 ፒክስል ይበቃል። በዊንዶውስ ፔይንት «ሪሳይዝ» ውስጥ ፒክስል መርጠው የምስሉን ስፋት ብቻ ይጻፉ፤ ቁመቱ ራሱ ይስተካከላል። ፎቶን በጄፔግ፣ ስክሪንሾትን፣ ግራፍንና ጽሑፍ ያለበትን ምስል በፒኤንጂ ያስቀምጡ። ፎቶ በፒኤንጂ ሲቀመጥ ብዙ እጥፍ ሊከብድ ይችላል። ከሌላ ፕሮግራም ኮፒ አድርጎ መለጠፍም ፎቶውን ወደ ከባድ ፎርማት ሊለውጠው ስለሚችል «ኢንሰርት» ከሚለው ታብ ፋይሉን መርጦ ማስገባት ይሻላል።

ምስሎቹ ታምቀውም ፋይሉ ካልቀነሰ ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛው ከኤክሴል የተለጠፈ ግራፍ ነው፤ እንደ አለጣጠፉ ሙሉ የኤክሴል ፋይሉን ይዞ ሊገባ ይችላል። በሌላ ሺት ላይ የደመወዝ ዝርዝር ካለ እሱም አብሮ ይላካል፤ ስለዚህ በ«ፔስት ስፔሻል» እንደ ምስል ይለጥፉት። ሁለተኛው ፎንት ነው። የግዕዝ ፎንት ተቀባዩ ጋ እንዳይበላሽ ተብሎ ሰነዱ ውስጥ ሲካተት ክብደት ይጨምራል። በፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ጥቅም ላይ የዋሉትን ፊደላት ብቻ እንዲያካትት ማዘዝ ይቻላል፤ ተቀባዩ ሰነዱን የሚያርመው ከሆነ ግን ይህ አይመከርም።

በሊብረኦፊስ ራይተር ምስሉ ላይ ራይት ክሊክ ተደርጎ «ኮምፕረስ» ይመረጣል። ሰነዱ የሚታረም ካልሆነ ወርድ ላይ «ሴቭ አዝ» ብለው ፒዲኤፍ ሲመርጡ «ሚኒመም ሳይዝ» የሚል አማራጭ ያገኛሉ፤ የወርዱ ፋይል ሳይነካ ቀለል ያለ ቅጂ ይወጣል። ዚፕ ማድረግ ግን እዚህ ላይ አይረዳም፤ ዶክኤክስ ራሱ ዚፕ ነው፣ ጄፔጉም ቀድሞ የታመቀ ነው።