መላሽ በሌለበት የሚጠይቅ ማሻሻያ፦ በዴቢያንና በኡቡንቱ ሰርቨሮች ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሰርቨሩ ሌሊት ራሱን እንዲያሻሽል የሚፈልግ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው የመጀመሪያ ስህተት አንድ ነው፤ ፓኬጆችን (የፕሮግራም ጥቅሎችን) በሚጭነውና በሚያሻሽለው በአፕት-ጌት ትእዛዝ ላይ «-ዋይ»ን («አዎ» ማለት ነው) ይጨምርና ጥያቄ ሁሉ ያበቃ ይመስለዋል። «-ዋይ» የሚመልሰው ግን «ልቀጥል?» የሚለውን የአፕትን የራሱን ጥያቄ ብቻ ነው። ከአፕት ሥር ፓኬጆቹን የሚፈታውና የሚያዋቅረው ዲፒኬጂ አለ፤ እርስዎ ያሻሻሉት የማዋቀሪያ ፋይል በአዲሱ ፓኬጅም ተለውጦ ከመጣ፣ የእርስዎን ላቆይ ወይስ አዲሱን ልተካ ብሎ ይጠይቃል። ተርሚናል ካገኘ እስኪነጋ ድረስ መልስ ይጠብቃል፤ በክሮን (ሥራን በተወሰነለት ሰዓት በሚያስነሣው ፕሮግራም) ከተነሣ ደግሞ የሚያነበው ግብዓት ስለሌለ በስህተት ይወጣል፣ ፓኬጁም ተፈትቶ ሳይዋቀር ይቀራል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ እኔው አውቃለሁ!

ሁለተኛው ስህተት «ዴቢያን_ፍሮንትኤንድ» የተባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ «ኖንኢንተራክቲቭ» (የማይጠይቅ) ብሎ መተማመን ነው። ይህ ዝም የሚያሰኘው ፓኬጆች ሲጫኑ የማዋቀሪያ ጥያቄዎችን የሚያቀርበውን ዴብኮንፍን እንጂ ዲፒኬጂን አይደለም፤ ለዲፒኬጂ «ፎርስ-ኮንፍዴፍ» (ነባሪ ምርጫ ካለ እሱን ውሰድ) እና «ፎርስ-ኮንፍኦልድ» (ከሌለ የቀድሞውን ፋይል አቆይ) አብረው ሊሰጡት ይገባል። ተለዋዋጩንም ኤክስፖርት አድርገው ከዚያ ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው ትእዛዝ) ቢሉ፣ ሱዶ በተለመደው አሠራሩ የአካባቢ ተለዋዋጮችን ስለሚያጸዳ ወደ አፕት አይደርስም፤ ከሱዶ በኋላ፣ እዚያው ትእዛዙ ላይ ይጻፉት።

አዲሱን ፋይል የሚተካውን «ፎርስ-ኮንፍኒው»ን የሚመርጡትን ልወቅስ አልችልም፣ እኔም መርጬዋለሁና። በማግሥቱ ተጠቃሚዎች ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል መላክ አቃታቸው፤ እኔ በድር ሰርቨሩ በኤንጂንኤክስ ዋና የማዋቀሪያ ፋይል ላይ ከፍ ያደረግሁት የመጠን ልክ ወደ ነባሪው ተመልሶ ስህተት 413 («የተላከው በጣም ትልቅ ነው») ይመልስ ነበር። ግማሽ ቀን ሙሉ የአፕሊኬሽኑን ኮድ ስበረብር፣ የቀድሞው ፋይሌ «ዲፒኬጂ-ኦልድ» የሚል ቅጥያ ተጨምሮበት እዚያው ጎኑ ተቀምጧል።

በኡቡንቱ 22.04 ሰርቨር ላይ ከማሻሻያ በኋላ ዳግም መነሣት ያለባቸውን አገልግሎቶች የሚፈልገው ኒድሪስታርት የትኞቹ ዳግም ይነሡ ብሎ ስክሪኑን ይሞላል፤ «ኒድሪስታርት_ሞድ» የተባለውን ተለዋዋጭ «ኤ» (ሳይጠይቅ በራሱ) ማድረግ ይበቃል።

ሥራው የተንጠለጠለ የመሰለውን ዲፒኬጂ በግድ አይግደሉት፣ ሁለት ሥራዎች አብረው እንዳይሄዱ የሚከለክለውን የመቆለፊያ ፋይሉንም አይሰርዙ።

ማሻሻያዎችን በራሱ የሚጭነው አንአተንድድ-አፕግሬድስ ካልታዘዘ በቀር ማሽኑን ዳግም አያስነሣም። አዲሱ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ተጭኖ ሳለ አሮጌው ሲሠራ የሚያስታውቀው በቫር/ራን ሥር የሚገኘው «ሪቡት-ሪኳየርድ» የተባለ ፋይል ነው፤ በአንድ የተረከብሁት ሰርቨር ላይ የዚህ ፋይል ቀን ካለፈው ዓመት ነበር።