የሥዕል ክፍለ ጊዜ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሦስተኛ ክፍል ገብቼ «ቤት ሣሉ» ብል ምን እንደሚመጣ ከወዲሁ አውቃለሁ። አራት ማዕዘን ግድግዳ፣ ሦስት ማዕዘን ጣሪያ፣ ጣሪያው ላይ ጭስ ማውጫ፣ ከኋላ ሁለት ተራራ፣ በተራሮቹ መሃል ፀሐይ። ስልሳ ልጅ ያንኑ ቤት ይሥላል። ከስልሳዎቹ ግን ጭስ ማውጫ ያለው ቤት ውስጥ የሚኖር አንድም የለም። አንዱ የሚመጣው ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሌላዋ የምትኖረው ስድስት አባወራ በሚጋራው የቆርቆሮ ግቢ ውስጥ ነው። ታዲያ ያ ቤት ከየት መጣ? ከእኛ ከመምህራን ነው፤ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሣልን ከዓመት ዓመት ያስተላለፍነው ቤት ነው።

ይህን የምጽፈው አንደኛ ደረጃ ለሚያስተምሩ መምህራንና የልጃቸውን የእጅ ሥራ ቤት ውስጥ ለሚያግዙ ወላጆች ነው። ብዙዎቹን ስህተቶች እኔው ሠርቻቸዋለሁ፤ የቀሩትን በቅርብ አይቻለሁ።

ሰሌዳ ላይ ሥሎ «ይህን ገልብጡ» ማለት

ከሁሉ የሚብሰው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገርበት። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሥል ልጁ ነገሩን ማየት ያቆማል። ዓይኑ ከሰሌዳ ወደ ወረቀት ይመላለሳል፤ ጥያቄው «ምን አያለሁ?» መሆኑ ይቀርና «የቲቸርን አስመስያለሁ ወይ?» ይሆናል። ያስመሰለው «ሠዓሊ» ተብሎ ይጨበጨብለታል። ያላስመሰለው «እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ በስምንት ዓመቱ ይወስናል። የወላጆች ስብሰባ ላይ «እኔ ድሮም ሥዕል ላይ ዜሮ ነበርኩ» የሚሉኝ እናቶችና አባቶች ውሳኔው የተላለፈባቸው እዚያው ሦስተኛ ክፍል ይመስለኛል።

አንድ ቀን ከቤቴ ጀበና፣ ማቶትና ሁለት ስኒ በዘንቢል ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛዬን ወደ መሃል አስጎትቼ ጀበናውን አስቀመጥኩና ለአምስት ደቂቃ ማንም እርሳስ እንዳይነካ ነገርኳቸው። አንገቱ ከሆዱ ምን ያህል ይቀጥናል? ጆሮው ከየት ተነሥቶ የት ያርፋል? ማቶቱን ብናነሣው ምን ይሆናል? አንዱ ተነሥቶ ማቶቱን አወጣ፤ ጀበናው ተንከባለለ፤ ክፍሉ በሙሉ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የሣሉት ጀበና ቂጡ ክብ ነበር። ቀደም ሲል ከሰሌዳ ያስገለበጥኳቸው ጀበናዎች ሁሉ ታቹ ጠፍጣፋ ነበር፤ እኔው ራሴ ጠፍጣፋ አድርጌ ሥዬው ነዋ።

አንዲት ልጅ ከአፉ ጠርዝ ላይ የተሸረፈችውን ቦታ ሣለቻት። ያ ጀበና ቤቴ ውስጥ ስንት ዓመት ቆይቷል፤ ሽርፋቱን ያየሁት በእሷ ወረቀት ላይ ነው።

እንቁጣጣሽ ላይም ይኸው ችግር አለ። ወንዶቹ ልጆች ሥዕል ሥለው ለጎረቤት «እንኳን አደረሳችሁ» እያሉ የሚያድሉት ነገር እኛ ያለን ትልቅ ሀብት ነው። አሁን ግን በሰፈሬ ፎቶ ኮፒ የተደረገ መልአክ ከለር ተቀብቶ በሬ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ያለችውን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል እሰጣለሁ። ያለፈውን መስከረም አስታውሰው የራሳቸውን ችቦ፣ የራሳቸውን አደይ፣ የእናታቸውን ቄጤማ ይሥላሉ።

የልጁን ሥዕል በራስ እጅ ማስተካከል

በዚያው የጀበና ቀን አንድ ልጅ ጀበናውን ሣለና ውስጡ ያለውን ቡና፣ ከሥር የዘቀጠውን አተላ ጭምር፣ በግድግዳው በኩል እንደሚታይ አድርጎ ቀባው። ላጲስ አንሥቼ ላጠፋው ስል «ቡናው ውስጥ አለ እኮ ቲቸር» አለኝ። እጄን ሰበሰብኩ።

ልጁ አልተሳሳተም። የልጆችን ሥዕል በዕድሜ እርከን ከፋፍሎ ያጠናው ኦስትሪያ ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረው ቪክቶር ሎወንፌልድ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይህንኑ አስተውሏል። በዚህ ዕድሜ ልጁ የሚሥለው የሚያውቀውን ነው፤ በዓይን የሚታየውን ብቻ አይደለም። የቤቱን ውስጥ ከውጭ ያሳያል፤ ከወረቀቱ ግርጌ መስመር አስምሮ ሰውና ዛፍ ሁሉ በዚያ ላይ ያቆማል፤ ለእሱ ትልቅ የሆነውን ነገር በወረቀቱም ላይ ትልቅ ያደርጋል። እናቱን ከበሩ አስበልጦ ቢሥላት ልኬት ስላልገባው አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ደግሞ ራሱ «አይመስልም» እያለ መበሳጨት ይጀምራል፤ ያኔ ነው ስለ ልኬትና ስለ ርቀት ማስተማር የሚጠቅመው፣ ምክንያቱም ያኔ የሚጠይቀው እሱ ነው።

በነገራችን ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንም ልኬትን የሚጠቀሙት ለትርጉም ነው። የከበረው ሰው ገዝፎ ይሣላል፤ ጻድቁ ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ፣ ክፉው ደግሞ በጎን ሆኖ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህን ለአራተኛ ክፍል ልጆች ሳሳያቸው ወዲያው ነው የሚገባቸው። ለምን እንደሆነ ማብራራት እንኳ አያስፈልገኝም።

ለወላጆች አንድ ልመና አለኝ። ካርቶን ቆርጦ ቤት መሥራት የቤት ሥራ ሆኖ ሲሰጥ እባካችሁ አትሥሩላቸው። በር ያለው፣ መስኮቱ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ዙሪያው አጥር የሆነ ቤት ይዞ የመጣ ልጅ «ጣሪያውን እንዴት አቆምከው?» ስለው መሬት መሬት ያያል። ጥፋቱ ግን የወላጅ ብቻ አይደለም፤ ለዚያ ቤት ከአሥር አሥር የምንሰጠው እኛ ነን። ስለዚህ የእጅ ሥራን ወደ ቤት መላክ ትቼ ክፍል ውስጥ ብቻ አሠራለሁ።

«የሰው ከለር» ብሎ አንድ እርሳስ ማቀበል

«ቲቸር፣ የሰው ከለር ስጪኝ» የሚለኝ ልጅ የሚፈልገው ያቺን ፈዛዛ ሮዝ ናት። ክፍሉ ውስጥ ያን የሚመስል አንድም ሰው የለም፤ እሱም አይመስልም። ክራዮላ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንኳ ያንን ከለር «ሥጋ» በሚል ስም ሲሸጥ ኖሮ በ1962 እ.ኤ.አ. ስሙን በኮክ ፍሬ ቀይሮታል። እኛ ጋ ግን ስሙ አሁንም በልጆች አፍ ላይ አለ፤ ዝም ብለን እያቀበልን ያቆየነውም እኛ ነን።

የማደርገው እንዲህ ነው። አሥራ ሁለት ቀለም አላቀርብም፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ነጭ ብቻ። ቀይና ቢጫ ቀላቅለው በጣም ትንሽ ሰማያዊ ሲጨምሩበት ቡናማ ይሆናል። ከዚያ ነጩንና ቢጫውን ጠብ እያደረጉ የራሳቸውን ይፈልጋሉ፤ ልክ መሆኑን ለማየት የእጃቸው ጀርባ ላይ ጥቂት ነካ አድርገው ያስተያያሉ። ቀለሙ ቆዳው ላይ ከጠፋ አገኙት ማለት ነው። አንዲት ልጅ አምስት ጊዜ ቀላቅላ አምስቱንም ስትጠርግ አየኋት። በስድስተኛው እጇን ወደ እኔ ዘርግታ «ፈልጊው» አለችኝ። ቀለሙ የት ላይ እንዳለ ጣቷን ካላዞርኩ በቀር አይታይም ነበር።

አማርኛችን ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። ጠይም፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቀይ ዳማ እንላለን። «ቀይ ነው» የምንለው ሰው ቀይ እንዳልሆነ ልጆቹ በብሩሽ ሲደርሱበት ይስቃሉ። ላገኙት ቀለም ስም እንዲያወጡ ስጠይቃቸው «የእናቴ ጠይም»፣ «የተቆላ ቡና»፣ «የዳቦ ጀርባ» የሚሉ ስሞች ወጥተዋል። እነዚያን ስሞች በወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌአለሁ፤ ሮዟን የሚጠይቀኝ ልጅም እየቀነሰ ነው።

ቁሳቁስ የለም ብሎ መተው፣ ወይም ዝርዝር ወደ ቤት መላክ

ሁለቱም አንድ ናቸው። ሃያ አራት ከለር፣ የሥዕል ደብተር፣ ኮላና መቀስ ግዙ ብለን ስንልክ መግዛት ያልቻለ ወላጅ ልጅ በሥዕል ቀን ይቀራል፤ ወይም መጥቶ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ከሰል ጥቁር ነው። ቀይ አፈር ደርቆ በወንፊት ሲነፋ ግሩም ቀለም ይወጣዋል። እርድ ቢጫ፣ ቀይ ሥር ወይን ጠጅ፣ የቡና አተላ ቡናማ ይሰጣል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት አፈሩን በውሃ ብቻ መበጥበጥ ነው፤ ሲደርቅ ብናኝ ሆኖ ይረግፋል። ማያያዣ ይፈልጋል። አንድ ስኒ ዱቄት መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጓጉል አድርጎ መበጥበጥ፣ ሦስት ስኒ ያህል ውሃ እየጨመሩ እስኪወፍር ማብሰል ነው። ይኸው ማጣበቂያም ሆኖ ያገለግላል፤ ኮላ መግዛት ቀረ። ግን በሁለትና በሦስት ቀን ስለሚኮመጥጥ ለሚያስፈልገው ቀን ብቻ ይሠራ። ብሩሽ ከሌለ ያልተነካ መፋቂያ ጫፉን ቀጥቅጦ መበተን ይበቃል።

እርድና ቀይ ሥር ፀሐይ ላይ እንደሚፈዝዙ ልጆቹ አስቀድመው ይወቁ፤ በኋላ እንዳያዝኑ። እርድ ላይ ደግሞ አመድ የተዘፈዘፈበት ውሃ ጠብ ስታደርጉ ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል። በሳሙና ሲታጠቡም እጃቸው ላይ ያዩታል። ያን ቀን ሥዕል ማስተማሬን ትቼ ሳይንስ አስተማርኩ፤ አልቆጨኝም።

ደህና የሚመስሉ አደገኛ ነገሮች

ለቤትና ለብረት የሚሆን የዘይት ቀለምና ቲነር ክፍል ውስጥ አይገባም፤ ትርፍ ተገኘ ተብሎ ከግንባታ ቦታ የመጣም ቢሆን። የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለውን ብረት ሊይዝ ይችላል፤ እሱም የልጅን አንጎል ይጎዳል። እርሳስ ለመቅረጽ ምላጭ መስጠት ይብቃ፤ አንድ መቅረጫ ለአንድ ወንበር ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ሳላስጠነቅቅ ማለፍ የማልፈልገው ጉሎ ነው። ጥራጥሬ ወረቀት ላይ ለጥፎ ሥዕል መሥራት የተለመደ ነው፤ የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉርና የሚያምር ስለሆነ ልጆች ከአጥር ጥግ ለቅመው ያመጡታል። ፍሬው ኃይለኛ መርዝ ነው፤ የታኘከ ጥቂት ፍሬ ልጅን ሊገድል ይችላል። ካያችሁ ሰብስባችሁ አስወግዱት፣ እጃቸውንም አስታጥቡ።

ምስርና ባቄላ መለጠፍንም ትቻለሁ፤ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ፊት እህል ወረቀት ላይ ማፍሰስ አልችልም። የታጠበ የእንቁላል ቅርፊት፣ ደረቅ ቅጠል፣ ቆርኪና የጨርቅ ቁራጭ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ጊዜን አለመቁጠር

አርባ ደቂቃ ውስጥ ማደል፣ መሥራትና ማጽዳት አለ። ከየወንበሩ አንድ አዳይ ካልተመደበ ማደሉ ብቻ ሩቡን ይበላል። ለማጽዳት ስምንት ደቂቃ አስቀራለሁ። ያላለቀ ሥራ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀጥላል፤ አጣድፎ ማስጨረስ አያስፈልግም።

«ጎበዝ» ብሎ ማለፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ ማረም

«ጎበዝ» መጥፎ ቃል አይደለም፤ ግን ልጁ ምኑ ላይ እንደጎበዘ አይነግረውም። «ይህ ምንድን ነው?» ደግሞ ሥዕሉ አልገባኝም ማለት ስለሆነ ያሸማቅቃል። «እስቲ ስለ ሥዕልህ ንገረኝ» እለዋለሁ፤ ወይም ያየሁትን እናገራለሁ፦ «የዶሮዋን እግር ሦስት ጣት አድርገህ ሣልክ፣ አራተኛው ወደ ኋላ ነው»። ነጥብ መስጠት ግዴታ ከሆነ በተለየ ወረቀት ላይ እመዘግባለሁ። የልጅ ሥዕል ላይ 6/10 ብሎ በቀይ መጻፍ የሌላ ሰው ግድግዳ ላይ እንደመጻፍ ነው።

ሦስት ምርጥ ሥዕል ብቻ መስቀልም ያው ነው። ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጥሬ በልብስ መቆንጠጫ ስልሳውንም እሰቅላለሁ። እረፍት ላይ ዘለው ሲገቡ እያንዳንዱ የሚሮጠው ወደ ራሱ ነው፤ ቀጥሎ ወደ ጓደኛው።

ዓመቱ ሲያልቅ ሥዕሎቹን ከአሮጌ ፈተና ጋር በኪሎ መሸጥ

ይህን ስህተት ያወቅሁት ሱቅ ውስጥ ነው። ቆሎ ገዝቼ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው ከውስጡ የውሃ ከለር ሥዕል ወጣ። ሁለት በግና ትልቅ ዱላ የያዘ ትንሽ ልጅ፤ ጥግ ላይ ስም፣ ቁጥር፣ «3ኛ ለ»። የማን ትምህርት ቤት እንደሆነ አላውቅም። ቆሎውን ወደ ሌላ ላስቲክ ገልብጬ ወረቀቱን ወደ ቤት ወሰድኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰኔ ላይ የእያንዳንዱን ልጅ ሥራዎች በቅደም ተከተል አድርጌ፣ ከጀርባቸው ቀን ጽፌ፣ በክር አስሬ ለራሱ እሰጣለሁ። አሰጣጡ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ምክንያቱም ማንም ሳይፈታው አይሄድም። መስከረም ላይ የሣሉትን ከሰኔው ጎን ያደርጉና ቆመው ያዩታል።