ለዳይቪንግ ሜታል ዲቴክተር ስትገዙ፣ መጀመሪያ ውሃችሁን እወቁ

«ዋተርፕሩፍ» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው ይሸውዳል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ግን እስከ ስንት ሜትር? አንዳንዱ ማሽን ላይ ውሃ የማያስገባው ታች ያለው፣ ብረቱን የሚሰማው ክብ ኮይል ብቻ ነው። ስክሪኑና ባትሪው ያሉበት ሳጥን ከራሰ አለቀለት። እስከ ጉልበቱ ገብቶ ለሚፈልግ ሰው ምንም አይልም፣ ለጠላቂ ግን የማይሆን ነገር ነው።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሜትሩን ቁጥር ፈልጉ። ጋሬት ኤቲ ፕሮ እስከ 3 ሜትር ገደማ ነው፣ ማይንላብ ኢኪኖክስ 900 ደግሞ እስከ 5 ሜትር። ሁለቱም ጎበዝ ማሽኖች ናቸው፣ ግን ለባህር ዳርና ለስኖርክል፣ ማለትም በውሃው ፊት ላይ በቱቦ እየተነፈሱ ለመዋኘት። የጀማሪ ጠላቂ ሰርተፍኬት ራሱ እስከ 18 ሜትር ያስወርዳል፣ እዚያ ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ፊት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ለ5 ሜትር የተሠራ ውሃ መከላከያ ጎማ ያንን አይችልም። አየር ታንክ አዝላችሁ የምትወርዱ ከሆነ 60 ሜትር የሚሉትን እዩ፦ ማይንላብ ኤክስካሊበር 2፣ ጋሬት ሲ ሀንተር ማርክ 2፣ ኖክታ ፐልስዳይቭ። 60 ሜትር ማን ይወርዳል ካላችሁ፣ የመዝናኛ ዳይቪንግ 40 ሜትር ላይ ያበቃል፣ ትርፉ ለመተማመኛ ነው።

ቀጥሎ ጨው። ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው፣ ሻጮችም ብዙ የማያወሩት ይሄንኑ ነው። ጨው ያለበት ውሃ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚሠራ ተራ ቪኤልኤፍ (በጣም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ) ማሽን ባህሩን ራሱን ብረት ይመስለውና ያለማቋረጥ ይንጫጫል። ድምፁን ለማስቆም ሴንሲቲቪቲውን፣ የመስማት አቅሙን፣ ትቀንሳላችሁ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ቀለበቱንም አይሰማም። እንደ እስራኤሏ ኢላት ባለ ቀይ ባህር ላይ፣ በሊትር 40 ግራም ገደማ ጨው ባለበት ውሃ፣ እንዲህ ያለውን ማሽን ይዞ መውረድ ድካም ብቻ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ፐልስ ኢንዳክሽን፣ በአጭሩ ፒአይ የሚባለው ነው። አጭር ኃይለኛ ምት ይልክና ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፤ የጨው ውሃው ምላሽ ቶሎ ስለሚጠፋ ማሽኑ ማዳመጥ ሲጀምር የሚቀረው የብረቱ ብቻ ነው። ጥልቅ ይሰማል፣ ብረት ያለበት ጥቁር አሸዋም አይረብሸውም። ጣጣው ወርቁን ከሚስማር አለመለየቱ ነው። መንጠቆ፣ ቆርኪ፣ የጸጉር ጌጥ፣ ሁሉንም እኩል ይጮህላቸዋል፣ እናንተም ሁሉንም ትቆፍራላችሁ። ሲ ሀንተርና ፐልስዳይቭ ከዚህ ወገን ናቸው። ሌላው በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራው ነው። ኤክስካሊበር 2 በ17 ፍሪኩዌንሲ ይሠራል፣ ጨውንም ይችላል፣ ዝገት ብረትንም በተወሰነ ደረጃ ይለያል። ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ፦ ንጹሕ አሸዋ ላይ፣ ቆሻሻ በሌለበት፣ ፒአይ። ሰው የሚርመሰመስበት መዋኛ አጠገብ ከሆነ ብዙ ፍሪኩዌንሲ፣ አለበለዚያ አየራችሁ ቆርኪ ስትለቅሙ ያልቃል። ጨው በሌለው ሐይቅ ውስጥ ቪኤልኤፍም ይበቃል፤ እንደ ቢሾፍቱ ያሉ እሳተ ገሞራ የሠራቸው ቦታዎች ላይ ግን ድንጋዩ ራሱ ብረት ስላለው የመሬቱን ድምፅ የሚያስተካክል ግራውንድ ባላንስ ያስፈልጋል።

አያያዙንም እዩት። ውሃ ውስጥ የምትሠሩት ተኝታችሁ ስለሆነ ረጅም ዘንግ ያስቸግራል፣ አጭር ይሁን። ኮይሉ ከተንሳፈፈ ክንዳችሁን ወደ ላይ ሲጎትት ይውላል። ስትለቁት ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ የሚያርፍ ነው የሚመረጠው። ኮይሉን ከክብደት ቀበቷችሁ እርሳስ፣ ከቢላዋችሁና ከታንኩ አርቁት፣ እነሱንም ይሰማልና። ስትቆፍሩም አካፋ አያስፈልግም፣ በመዳፍ ውሃውን አራግቡ፤ አሸዋው ተነሥቶ ሲሄድ ከባዱ ሳንቲም እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ኮራል ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ።

የብሉቱዝ ሄድፎን እርሱት፣ ውሃው ሞገዱን ይውጠዋል። ውሃ የማይገባበት ባለገመድ ያስፈልጋል። ፐልስዳይቭ በንዝረትም ስለሚያሳውቅ ውሃው ደፍርሶ ምንም በማይታይበት ቦታ ደስ ይላል።

ሕጉን ቀድማችሁ ጠይቁ። እስራኤል ውስጥ ያላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የቅርስ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ በዲቴክተር ጥንታዊ ዕቃ መፈለግ ክልክል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራ ነገር ቅርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚያው እስራኤል ቂሣርያ ላይ ጠላቂዎች የወርቅ ሳንቲሞች ሲያገኙ መጀመሪያ መጫወቻ መስሏቸው ነበር። አሳወቁ፣ የቅርስ ባለሥልጣኑ ጠላቂዎች ዲቴክተር ይዘው ሲወርዱ ወደ 2,000 የሚጠጋ የፋቲማውያን (የድሮ ሙስሊም ሥርወ መንግሥት) ዘመን የወርቅ ሳንቲም ወጣ፣ ሁሉም የመንግሥት ሆነ። ኢትዮጵያም ውስጥ የተገኘ ቅርስን ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የባትሪውን ክዳን አስከፍታችሁ እዩ። ጎማው ላይ ስንጥቅ ወይም ጸጉር የሚያህል አሸዋ ካለ ጎማው ይቀየር፣ ሲሊኮን ቅባትም ይቀባ። የባትሪው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ ግን ጨው ገብቶበታል፣ በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁም ተዉት።