ነጩ ቢጫ ሲሆን፦ የኤልሲዲ ፕሮጀክተር የቀለም ብልሽት፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሦስት ፓኔል ባለው ኤልሲዲ ፕሮጀክተር ውስጥ የመብራቱ ነጭ ብርሃን ቀለም በሚመርጡ መስታወቶች ወደ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቀለም ከፊትና ከኋላ ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልም) ባለው በራሱ ፓኔል (ምስሉን በሚሠራው ትንሽ የኤልሲዲ ሰሌዳ) ካለፈ በኋላ ሦስቱ በፕሪዝም ተገናኝተው ወደ ሌንሱ ይወጣሉ። ስለዚህ አንድም ብሎን ሳይፈቱ በፊት የታመመው የትኛው የቀለም መንገድ እንደሆነ ይለዩ፤ ለዚህም ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስሎችን በየተራ በሙሉ ስክሪን ማሳየት ይበቃል።

ምልክት፦ በነጩ ምስል ላይ ቢጫ ጥላ ይታያል፤ ሰማያዊው ምስል ደግሞ በዚያው ቦታ ይጠቁራል።

መንስኤ፦ ቀይና አረንጓዴ ሲደመሩ ቢጫ ይሰጣሉና የጎደለው ሰማያዊ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በሰማያዊው መንገድ ላይ ባለው የፖላራይዘር ፊልም ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ከሌሎቹ የበለጠ ጉልበት ስላለው ፊልሙን ቀድሞ ያበላሸዋል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። እንዲህ ያለ ፊልም አውጥተው ወደ ብርሃን ቢያነሱት መሃሉ ቡናማ ሆኖ ዳሩ ግን እንደ አዲስ ጥርት ብሎ ያዩታል። በጥቁሩ ምስል ላይ ሰማያዊ ጭጋግ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ከፓኔሉ በኋላ ያለው ፖላራይዘር ብርሃኑን ማገድ አቅቶታል ማለት ነው።

መፍትሄ፦ መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ነቅለው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያውንና ማራገቢያውን ያጽዱ፤ ይህ ከታለፈ አዲሱም ፊልም እንደ አሮጌው ይቃጠላል። ከዚያ ፊልሙን ሲቀይሩ አቅጣጫውን አጥብቀው ይጠብቁ። እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ሊቆሙ ከሚገባቸው ሁለት ፖላራይዘሮች አንዱ በ5 ዲግሪ ብቻ ቢዞር፣ ሁለቱም እንከን የለሽ ቢሆኑ እንኳ ሊያልፍ ከሚችለው ብርሃን 0.76 በመቶው ሾልኮ ይወጣል፤ ያ ቀለም በነጭና በጥቁር መካከል የሚኖረው ንፅፅር ከ130 ለ1 አካባቢ አያልፍም ማለት ነው። የአረንጓዴውን ፊልም ለሰማያዊ መጠቀምም አይገባም፤ በብዙ ሞዴሎች አረንጓዴው ወደ ፕሪዝሙ የሚገባበት የፖላራይዜሽን (የብርሃኑ መርገብገቢያ) አቅጣጫ ከቀይና ከሰማያዊ ይለያል።

ምልክት፦ ብዥ ያለ ባለቀለም ነጠብጣብ ከቦታው አይንቀሳቀስም።

መንስኤና መፍትሄ፦ በአንዱ ፓኔል ወይም ፖላራይዘር ላይ አቧራ አርፏል። ሦስቱን የቀለም ምስሎች ሲያሳዩ ነጠብጣቡ ጠቁሮ የሚታይበት ቀለም መንገዱን ይጠቁማል። በእጅ በሚጨመቅ የአየር መንፊያ ያራግፉት እንጂ በአፍ አይንፉ፣ በጨርቅም አይሹ፤ የፊልሙ ገጽ በቀላሉ ይጫራል።

ምልክት፦ በፊደሎች ዳር ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥላ ይወጣል።

መንስኤና መፍትሄ፦ ጥላው በስክሪኑ ሁሉ እኩል ከሆነ ፓኔሎቹ ከፕሪዝሙ አንጻር ተናግተዋል፤ በስክሪኑ ዳር ብቻ ከሆነ ግን ሌንሱን ይጠርጥሩ። ፓኔሎቹ በፋብሪካ በከፍተኛ ጥንቃቄ ተስተካክለው የተያያዙ ስለሆኑ በእጅ መነካካቱን አልመክርም፤ በመሣሪያው ሜኑ ውስጥ የፓኔል ማስተካከያ ካለ በእሱ ይሞክሩ፣ ካልተስተካከለ ፕሪዝሙንና ፓኔሎቹን አንድ ላይ መቀየር ይሻላል።